ግራጫው ቦታ

...ይሳቅ፣ ግድ የለም፣ ጥርሱ እስኪደርቅ ይሳቅ፣ የዛሬን ሳቅ ዛሬ ይጨርሰው፣ ትላለች በሆዷ፣ ጣቶቿ ከጠረጴዛው ሥር ተቆላልፈው፣ ዓይኗ ፕሮጀክተሩ ካበራው ግድግዳ ሳይነቀል። አለቃዋ ቄንጠኛው ከፊት ቆሞ ያስረዳል። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ማር ነው፣ የቦርድ አባላቱ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ቄንጠኛው የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት፣ አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከጀርባው የሚጠራው በዚያ ነው፣ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የኔ ነው ብሎ ያልወሰደባት ይህን ብቻ ነው።

እንደምታዩት፣ ይላል፣ ከእንግዲህ ማንም ቤተሰብ የመቃብር ቦታ ለማግኘት እዚህ ድረስ አይንገላታም፣ እቤቱ ተቀምጦ፣ በስልኩ፣ አረንጓዴውን መርጦ፣ ተጭኖ፣ አለቀ፣ ቆፋሪዎቻችን ሳይቀሩ ያንን የተቀዳደደ ካርታ ጥለው ከስልካቸው ላይ ነው የሚያነቡት፣ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፣ አንድም ቅሬታ አልመጣም። አልመጣም። እንዴት ይመጣል፣ ሙታን አይደውሉ፣ ሕያዋኑም ቢደውሉ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፣ እዚያ ውኃ ማጣሪያው አጠገብ፣ ጀርባዋን ለሽንት ቤቱ በር ሰጥታ፣ አቤት ምን ልርዳዎ፣ ዌብሳይቱ አልከፈት አለኝ፣ ኢንተርኔትዎ ይሠራል ወይ አባባ። ሊቀመንበሯ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በላዩ ላይ ነው ሰው የሚያዩት፣ የዋዛ አይደሉም። ስብሰባ ሲያልቅ ሁልጊዜ ጥያቄ ያለው አለ ብለው ይጠይቃሉ። እሷ የምትጠብቀው ያንን ነው። ያን ጊዜ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። እማዬ። ምሳ ላምጣልሽ ወይ ልትል ነው፣ ጠዋት ስትወጣም ጀምራት ነበር፣ ወደ አባትሽ ጎራ ብዬ በዚያው እመጣለሁ ብላለች፣ እሺ እማዬ፣ አሁን አይደለም እማዬ። ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱማ ረስቶታል። አሁን ቢጠየቅ መቼ አልኩ ይላል፣ ያን ቀን በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ጠረጴዛ፣ ያው ወንበሩ እንኳ ያው የሚንቋቋው ነው፣ ኮዱን አንድ በአንድ ስታስረዳ፣ ስክሪን ላይ የሚታየው ገጽ ሌላ፣ ከሥሩ ያለው ዳታ ሌላ ነው ስትል፣ ዳታው ይወቅ፣ ገጹ የተነገረውን ብቻ ያሳይ፣ ፍርድ ገጹ ላይ አትጻፉ፣ ገጽ ነገ ይቀየራል፣ የተቀየረ ቀን ፍርዱም አብሮ ይሄዳል ስትል፣ ቄንጠኛው ብዕሩን እያሽከረከረ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ጎበዝ፣ ሰው ለመቅበርም ፍልስፍና ያስፈልጋል እንዴ? አለ። ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። ስልክ የምታነሳው ጓደኛዋ፣ ያኔ ስልክ የምታነሳው ጓደኛዋ ነበረች፣ እሷ እንኳ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። እሱ ብቻውን ቢሰድባት ይቆጫት ነበር፣ ያልፍ ነበር። የሰዉ ሳቅ ነው ውስጧ የቀረው። በአውቶቡስ ስትሄድ ይሰማታል፣ ፊቷን ስትታጠብ ይሰማታል፣ ከማያውቋት ሰዎች መሃል አንዱ ከሳቀ ለእሷ ይመስላታል።

ነገሩ ቀላል ነው እኮ፣ ለማንም ይገባል። እያንዳንዱ የመቃብር ቦታ ስክሪን ላይ ትንሽ ሳጥን ነው። ቀዩ ሰው የተኛበት። አረንጓዴው ባዶ። ግራጫው ደግሞ ባዶ ሆኖ የማይሸጥ፣ ጎኑ የተኛው ሰው ባል ወይም ሚስት ገና በሕይወት ስላሉ ቀናቸው እስኪደርስ የሚጠበቅላቸው ቦታ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፣ ባልና ሚስት አይለያዩም። ግን ግራጫው ዳታው ውስጥ የለም። ዳታው ስለዚያ ቦታ የሚያውቀው ባዶ ነው የሚል ብቻ ነው። ገጹ ነው ሲከፈት ጎረቤቱን አይቶ፣ ይህ ሰው የትዳር ጓደኛ አለው? አለው። በቃ፣ ጎኑን ግራጫ ቀባው፣ ሌላ አትጠይቅ የሚለው። ባለቤቱ የማያውቀውን ዘበኛው ብቻ እንደሚያውቀው ቤት ነው፣ ማን እንደማይገባ የሚያውቀው ዘበኛው ነው፣ ዘበኛው የተቀየረ ቀን እንግዳውም ሌባውም እኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ይህንንም ብላ ነበር። የዘበኛውን ምሳሌ ያን ቀን ተናግራዋለች። ቄንጠኛው ዘበኛውን ይዞ ሌላ ቀልድ ሠራበት።

ጽፋው ነበር ደግሞ፣ በባዶ አፏ አይደለም የተከራከረችው። እያንዳንዱ ቦታ የተያዘ መሆኑን፣ ለማን እንደተያዘ፣ በማን ጥያቄ እንደተያዘ ራሱ ዳታው እንዲያውቅ አድርጋ፣ ንጹህ አድርጋ፣ ስትጨርሰው ለራሷ ጎሽ ያለችበት ሥራ ነበር። ቄንጠኛው ጣለው። ያዘገየናል አለ። ለጊዜው ገጹ ላይ ይሁን፣ በኋላ እናስተካክለዋለን። እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያችን ግራጫ ቀባ የምትለዋን ጥቂት መስመር ገጹ ላይ ለጠፈ፣ ቀሽም፣ የተማሪ ሥራ። ለጊዜው። ለጊዜው የተባለ ነገር ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው። የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ ሥርዓቱን የሠራው ቄንጠኛው ሆኖ ቁጭ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከነፎቶው፣ የእሷ ስም የትም የለም፣ ምስጋና የሚለው ላይ እንኳ የለም፣ የጽዳት ድርጅቱ አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምትለዋ ተረት በዚህ መሥሪያ ቤት ቀልድ ናት፣ ጸሐፊዎቹ ሐውልት በተሳሳተ ቁጥር ይሏታል። የእሷ ስም ከመቃብር በላይም በታችም አልዋለም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስልኩ ያዛወራት። ሰው ትወጃለሽ፣ ለስልክ ትሆኛለሽ፣ አላት። ጥርሷን ነከሰችበት። እስካሁን እንደነከሰችው ነው።

አሁን ገጾቹን ይገልጣል፣ እዩ ሽግግሩን፣ እዩ ቀለሙን። አረንጓዴ ነው፣ እውነትም ያምራል፣ ዓይን ያርፍበታል። አረንጓዴ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ እዚህ ካሉት ሁሉ አንድ ሰው፣ ግራጫው የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም።

ይህን የስልክ ገጽ የሠሩት ከውጭ የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። አትወቅሳቸውም። እንደ ደንቡ ዳታውን ከምንጩ ቀዱ፣ ዳታው ባዶ ነው ያላቸውን ባዶ ነው ብለው አሳዩ፣ ግራጫ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም፣ ማን ይንገራቸው፣ የሚያውቀው የድሮው ገጽ ነው፣ ገጽ አፍ የለው። እሑድ ከሰዓት፣ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሷ በገዛ ስልኳ ከፍታ አየችው። ግራጫው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ባሎች፣ ሚስቶች፣ የሁሉም ጎን ለገበያ ወጥቷል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣላት ደህና ሐሳብ ነበር፣ ሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ቢሮው ነው የሄደችው፣ ንገሪው፣ ለሥራው ስትይ ንገሪው፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ በስልክ ያወራል፣ እየሳቀ። እሷን ተዋት፣ ይላል፣ ስለ እሷ ነው፣ በእርግጠኝነት ስለ እሷ ነው፣ እሷን ተዋት ባክህ፣ አስተያየት ከጠየቅናት መቃብሩ ሳይከፈት እኛው እንገባበታለን። እጇ በሩ ላይ ነበር። እጇን መለሰችው። ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች፣ ስልኩ ጮኸ፣ አነሳችው፣ አቤት ምን ልርዳዎ አለች፣ ድምፅዋ ለራሷ እስኪገርማት ድረስ የተረጋጋ ነበር። ዝም አይነቅዝም። ሆድ ይፍጀው። ሊከፍተው ነው? ይክፈተው። በቦርዱ ፊት፣ በሰዉ ፊት፣ እነዚያ ጥርሶች ሁሉ ባሉበት ነው የምነግረው።

ስልኩ እንደተደፋ ይንቀጠቀጣል። እማዬ አንዴ ከያዘች አትለቅም። አጠገቧ የተቀመጠው የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ዞር ብሎ ያያታል፣ ይቅርታ ትለዋለች በዓይኗ።

እማዬ ግራጫውን ታውቀዋለች፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ግራጫውን የሚያውቅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አባዬ በተቀበረ ሰሞን ነው፣ ለቅሶው ሲበርድ፣ እማዬ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና ጎኑ ያለው ቦታ ሰው አለው? አለቻት። የለውም እማዬ። እንዳትሰጭብኝ፣ ያዢልኝ፣ ያንኮራፋል፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ቢተኛ ይማረራል፣ እኔ ነኝ በክርኔ ጎሸም እያደረግኩ የምገላብጠው። እያለቀሱ ሳቁ። ላፕቶፗን ከፍታ አሳየቻት፣ ምሥራቁ ግንብ ሥር፣ ከጥዱ ቀጥሎ፣ ይኸው እማዬ፣ ይቺ ቀይዋ አባዬ ናት፣ ይቺ ግራጫዋ አንቺ ነሽ። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አየችውና፣ ምነው ደህና ቀለም ጠፋ? አለች፣ ግራጫስ ፀጉሬ ይበቃኛል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትሄዳለች። ትንሽ በርጩማ አላት፣ እሷን ይዛ ትሄድና በባዶው ላይ ታስቀምጣለች፣ ትቀመጥበታለች፣ ለአባዬ የሰፈሩን ወሬ ትነግረዋለች፣ ማን ምን አለኝ፣ ማን ቤቱን ቀለም ቀባ። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ሲሏት፣ ቦታዬን ላሙቅ ብዬ ነው ትላለች። ልጄ ናት የያዘችልኝ፣ ኮምፒውተር ላይ ተጽፏል።

ኧረ ሰው ቢጎዳስ፣ ብላ አላሰበችም አይባልም። ማክሰኞ ዕለት አስባበታለች። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይል ነበር አባዬ፣ ጸሎት አልያዘችም፣ ቂሙን ብቻ ነው የያዘችው፣ እሱንም በጥንቃቄ ነው የያዘችው። በየጠዋቱ ላፕቶፗ ላይ የድሮውን ገጽ ትከፍታለች፣ በየመሥመሩ ግራጫዎቹን አንድ በአንድ ታያለች። አንዱን ቀይ ሆኖ ባየው፣ አንድ እንኳ፣ ስብሰባ አልጠብቅም፣ በዚያው ደቂቃ እጮሃለሁ። ይህን ለራሷ ምላለች። ቀይ የሆነ የለም። ዛሬም አይታለች፣ ሚስታቸውን የቀበሩት መምህር ግራጫ፣ ባሏን የቀበረችው ልብስ ሰፊ ግራጫ፣ እማዬ ግራጫ። ማንም አልተነካም። እኔ ጨካኝ አይደለሁም፣ ጨካኙ እሱ ነው፣ እኔ ቀን ቆጥሬ የምጠብቅ ሰው ነኝ፣ ልዩነት አለው።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው። ይህችም የመሥሪያ ቤቱ ቀልድ ናት፣ ቆፋሪው ነው የሚወዳት፣ እሱ ሲላት ሁሉም ሰው ይስቃል። ዛሬ ለቄንጠኛው ሊሏት ነው።

ይኸው ጨረሰ። መብራቱን ያበራሉ። ጭብጨባ። እሷም ታጨበጭባለች፣ መዳፏ እስኪሞቅ። ሊቀመንበሯ ወረቀታቸውን ያስተካክላሉ፣ ያያሉ ግራ፣ ያያሉ ቀኝ፣ አሁን፣ በይ አሁን።

ጥያቄ ያለው አለ?

እኔ አለኝ።

ቄንጠኛው ፈገግ ይላል፣ ያንን የሚያውቁትን ፈገግታ፣ ሙድ ሊይዝ ሲያሟሽ የሚያሳየውን። ፍልስፍና እንዳይሆን ብቻ፣ ይላል። አንድ ሁለት ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች። አይደለም፣ ትላለች፣ ጥያቄዬ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ባለቤታቸው ምዕራቡ በር አጠገብ ነው የተቀበሩት፣ እስቲ በአዲሱ ገጽ ጎናቸውን ይክፈቱልን። ይከፍታል። አረንጓዴ። ላፕቶፗን ወደ ሊቀመንበሯ ታዞራለች። ይህ ደግሞ የድሮው ገጽ ነው፣ ያው ቦታ ነው፣ ምን ቀለም ይታይዎታል? ግራጫ፣ ይላሉ ሊቀመንበሯ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ ያደርጋሉ። ይኼ ቦታ የማን ነው? በድሮው ገጽ የመምህሩ ነው፣ በአዲሱ ቀድሞ የተጫነ ሰው ይገዛዋል። እንዴት ሆኖ? ዳታው የመምህሩ መሆኑን ስለማያውቅ ነው፣ የሚያውቀው ቀለሙ ብቻ ነበር፣ አዲሱ ገጽ ሲመጣ ቀለሙ ቀረ። ዳታው ውስጥ ይግባ ብዬ ነበር፣ ጽፌውም ነበር። ታዲያ የት ሄደ? ይላሉ ሊቀመንበሯ።

ዞር ብላ ታየዋለች ብቻ፣ ሁሉም ዞረው ያዩታል።

የቄንጠኛው ፊት አመድ መሰለ። ከንፈሩ ሊል የነበረውን ረስቶ ተከፍቶ ቀረ፣ የተተኮሰው ሸሚዝ ብብቱ ሥር ረጠበ፣ ታየዋለች፣ እያንዳንዱን ነገር ታየዋለች፣ ይኸው፣ ይኸው፣ ለዚህ ነው የኖርኩት፣ በአውቶቡስ፣ በስልኩ፣ በሽንት ቤቱ በር፣ እነዚያ የሳቁት ሁሉ አሁን ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያሉ፣ ጣፋጭ ነው፣ እንደዚህ ይጣፍጣል ብላ አላሰበችም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ቂም አይበጅም ያሏት ሰዎች ሁሉ ዋሽተዋታል። ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ይንቀጥቀጥ።

እና ከነዚህ ከግራጫዎቹ የተሸጠ አለ? ሊቀመንበሯ ናቸው።

የለም። ትላለች አፏን ሞልታ። በየጠዋቱ አያለሁ፣ ሁሉም ግራጫ እንደሆኑ ናቸው።

በየጠዋቱ፣ ይላሉ ሊቀመንበሯ ቀስ ብለው። ከመቼ ጀምሮ?

ቃሉ ከአፏ ወጥቷል፣ አይመለስም። ከሰኞ፣ ትላለች።

ከሰኞ ጀምሮ ታውቂ ነበር?

የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ያስላል። ምን ትበል፣ ልነግረው ሄጄ ነበር በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ትበል? ሰዎች ስቀውብኛል ትበል? ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ከአፍ ሲወጣ የልጅ ነገር ይመስላል።

ቄንጠኛው ቀና ይላል። አመዱ ከፊቱ ላይ እየረገፈ ነው፣ ዓይኑ አንድ ነገር አግኝቷል፣ ታውቀዋለች ያንን ዓይን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ይላል በለሰለሰ ድምፅ፣ አለመሸጣቸውን የት ነው ያየሽው?

ገጹ ላይ።

ገጹ ላይ?

በቃ። ሌላ አትጠይቅ። ጎረቤቱ የትዳር ጓደኛ አለው? አለው። ግራጫ ቀባው፣ በቃ፣ ሌላ አትጠይቅ፣ ሌላ አትጠይቅ ነው እኮ የሚለው፣ መስመሩን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ስትሰድበው ኖራለች፣ ገጹ መሸጥ አለመሸጡን አይጠይቅም፣ ቢሸጥም ግራጫ ነው፣ ሰው ቢቀበርበትም ግራጫ ነው፣ ያች አባዬ ጎን ያለችው... ሁሉም ግራጫ ናቸው ብላ በየጠዋቱ ፊቷን አብርታ ስታይ፣ ስታይ የነበረችው ቀለም ነው። እሷ። እሷ ናት ቀለሙን ያመነችው።

ገጽ ቀለም ነው፣ ይላል ቄንጠኛው እየጻፈ፣ ኪቦርዱ ይንጣጣል፣ እውነቱ ዳታው ውስጥ ነው፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽን?

ግድግዳው ላይ ዳታው ይወጣል። ቀለም የለውም። ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ፣ ከሰኞ ወዲህ የተሸጡ፣ የጎናቸው ሰው የትዳር ጓደኛ ያለው። ብዙ አይደሉም። ከሌላው ሰው ሁሉ ቀድማ ታነባለች፣ መምህሩ የሉበትም፣ ልብስ ሰፊዋ የለችበትም። ምሥራቅ ግንብ፣ ከጥዱ ቀጥሎ። ተሽጧል፣ ትናንት። የማታውቀው ቤተሰብ ስም። ቀብር፣ ዛሬ፣ ረፋድ ላይ።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

ወደ አባትሽ ጎራ ብዬ በዚያው እመጣለሁ።

ታነሳዋለች። ስብሰባው መሃል፣ ሁሉም እያያት፣ ታነሳዋለች። አንቺ ልጅ፣ ስልክ አታነሺም እንዴ? እማዬ አልተቆጣችም፣ ሮጣ የመጣች ይመስል ትተነፍሳለች። ስሚኝማ፣ እዚህ ሰዎች መጥተው ይቆፍራሉ፣ እኔ ቦታ ላይ ነው፣ ተሳስታችኋል ብያቸዋለሁ፣ ጨዋ ናቸው፣ በርጩማዬን አንስተው አባትሽ ጋ አስቀመጡልኝ፣ ስልካችን ላይ እንዲህ ነው የሚለው ይሉኛል፣ የስልኩን ተዉት፣ ይህንን የሠራችው ልጄ ናት፣ እሷን እንጠይቃታለን አልኳቸው፣ ይኸው እስክታነሺ ድረስ አቁመው እየጠበቁን ነው። እማዬ... ቆይ ቆይ፣ ለቀስተኞቹም ደርሰዋል፣ ያሳዝናሉ፣ ቶሎ ንገሪያቸውና ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው፣ እንካ ልጄ፣ እሷ ናት።

ቆፋሪው ነው። ድምፁን ታውቀዋለች፣ ዛሬ ቀልድ የለበትም። እህቴ፣ ይላታል፣ አስከሬኑ ቆሟል፣ ሰዉ እያለቀሰ ነው፣ እኔ ደግሞ እማማን ገፍቼ መቆፈር አልቻልኩም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይኼ ቦታ የተያዘ ነው ወይስ የተሸጠ?

ላፕቶፗ አጠገቧ ነው፣ እንደ ተከፈተ። ሳጥኗ ግራጫ ናት፣ እንደ ሁልጊዜው። ግድግዳው ላይ ያው ጥቁር ፊደል። ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን አውልቀዋል፣ በባዶ ዓይናቸው ነው የሚያዩአት። ቄንጠኛው አይስቅም፣ እሱም አልቆለታል፣ ያባርሩታል፣ ነገ ሳይሆን አይቀርም፣ የምትፈልገው ሁሉ ሆኗል፣ አንድም የቀረ የለም። የተያዘ ነው ብትል ቆፋሪው ያምናታል። አፈሩን ይመልሳል። ከዚያስ፣ የማን ነው ሲሉት፣ የት ተጽፏል ሲሉት፣ ያ ቤተሰብ ደረሰኙን አውጥቶ ሲያሳየው። የትም አልተጻፈም። ሰኞ በሩን ገፍታ ብትገባ ይጻፍ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር እኮ፣ መግፋት እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

እህቴ፣ አለሽ?

አለሁ።

የተሸጠ ነው፣ ትላለች።

ቆፋሪው ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ፣ ትንሽዬ ፈቀቅ ይበሉልኝ እማማ ሲል ይሰማታል፣ የእማዬ ድምፅ ከሩቅ ይሰማታል፣ ልጄ ምን አለች? ትላለች፣ ምን አለችህ ልጄ?